ልጅሽ ማንበብ ትችላለች

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለሽው ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገቤን ይለኛል ያልሽው ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ያን የሆስፒታል አንሶላ ስትሸከሚ ያምሻል? ሾፌሩ ባልሽስ እንዴት ነው? ሌሊት መንዳቱን ተወ ወይስ እንደ ጉጉት ቀን እየተኛ ነው? ሕፃኑስ መራመድ ጀመረ? አብራሽ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ የምትሠራው ያቺ ሳቂታ ጓደኛሽስ ደህና ናት? ሁላችሁንም ከክፉ ይሰውራችሁ። እኛ ከሞት መለስ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ አምጿል፤ እጄ ግን የእንጨት መላጊያውን ይይዛል፣ ዓይኔም የማንንም ዓይን አይለምንም። አክስትሽ እንደ ድሮው ነች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ ጋር ትጣላለች። አንድ ቀን ዝም ካለች ያን ጊዜ ሐኪም እጠራለሁ።

ይህን የሚጽፍልኝ መታጠፊያው ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ጠብቄ መጣሁ፤ እሱም የደንበኛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። መስታወት ውስጥ ራሴን እያየሁ ነው የምናገረው፤ የሚያስደስት ነገር የለውም። እንደ ተናገርኩት ጻፍ፣ እንዳታለሰልስብኝ ብዬዋለሁ። ይህ ሰው ፀጉር መቀነስ እንጂ ቃል መቀነስ አይሆንለትም። ይህንንም ጻፈው አልኩት፤ እየሳቀ ጽፎታል።

ለምን አትደውልም ትዪ ይሆናል። በስልክ እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ነገሩም እንዳለ ይቀራል። ቤታችን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ መኝታው ከመሥሪያዬ በአንድ ስስ ጣውላ ነው የሚለየው፣ የተናገርነው ሁሉ በልጅሽ ጆሮ ያልፋል። ደብዳቤ ግን አልቅሰሽ ስትጨርሺም ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ። ስለዚህ አንብቢው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሰሞኑን እሑድ እሑድ ስትደውዪ ተኝታለች፣ ጎረቤት ሄዳለች፣ ገላዋን እየታጠበች ነው ያልኩሽ አንዱም እውነት አልነበረም። አጠገቤ ነበረች። ስልኩን ስዘረጋላት ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔም ለአንቺ የማይረባ ምክንያት እፈልጋለሁ። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሊዘጋ ሲል ርዕሰ መምህርቷ አስጠራችኝ። «አባባ፣ ይህች ልጅ አምና ለክፍሉ ሁሉ እያነበበች ታስደስተን ነበር። ዘንድሮ ግን ያወቀችውን ሁሉ እየጣለች ነው፤ ከትንንሾቹ እኩል መንተባተብ ጀምራለች» አለችኝ። ትምህርት ሲከፈት ድጋሚ ትፈተናለች፤ ካላለፈች እዚያው ክፍል ትቀራለች፣ ጓደኞቿ ይሄዳሉ። በዕረፍቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያነበበች እንድትከርም የሚቆጣጠራት ሰው ማን አለ ስትለኝ «እኔ አለሁ» አልኳት። ማንበብ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ማንበብ አልችልም፤ መቆጣጠር ግን እችላለሁ። መጋዝ መያዝ የማያውቁ ስንት ወጠጤዎች ከእጄ አናጢ ሆነው ወጥተዋል» አልኳት። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። አንቺም በስልክ «አደራ አባዬ፣ እንዳትደግምብኝ» አልሽኝ፤ እኔም «ለእኔ ተይው» አልኩሽ።

መጀመሪያ አስጠኚ ያዝኩላት። ኮሌጅ የሚማር፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ ልጅ ነው። አክስትሽ ገና በበሩ ሲገባ «ፕሮፌሰር» ብላ ሰየመችው። ፕሮፌሰሩ አንብቢ ይላታል፣ ውኃ ጠማኝ ትለዋለች። ጠጥታ ስትመጣ እርሳሴ ተሰበረ ትላለች። እርሳሱን ቁጭ ብሎ ሲቀርጽላት አየት አደረገችውና «አንተ ግን ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ጫማህ ለምን አፉን ከፈተ?» አለችው። ምስኪን፣ እግሩን ወንበሩ ሥር ደበቀ። ከዚያ ቀን በኋላ አስተማሪነቱ ቀርቶ ተከሳሽ ሆነ። ትንሽ ሰንብቶ «ጋሼ፣ ፈተና ደረሰብኝ» ብሎ ቀረ። በዕረፍት ምን ፈተና አለ? ፈተናው እሷ ነበረች።

ከዚያ አክስትሽ በከረሜላ ገባችበት። አንድ ገጽ ላነበበች አንድ ከረሜላ። ፊደል ያልቆጠሩ ሁለት ሽማግሌዎች ገጹ መነበቡን በምን ያውቃሉ? ሲገለበጥ ነዋ። ልጅሽ ስትገልጥ ስትበላ፣ ስትገልጥ ስትበላ፣ መጽሐፉ አለቀ። አክስትሽ «ይኸው፣ ልጅ በጭንቅላቷ ሳይሆን በሆዷ ነው የምትማረው» ብላ ተኩራራችብኝ። የተረፈን የልጅቷ የጥርስ ሕመም ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ በእጄ ላስተምራት ብዬ ተነሣሁ። ሒሳቡ ላይ ግማሽ፣ ሩብ የሚል ነገር አለ ብለውኝ ነበር፤ ግማሽና ሩብ ደግሞ የእኔ ሰፈር ነው። ደህና ጣውላ አምጥቼ እያየችኝ ለሁለት ሰነጠቅሁት፣ እያንዳንዱን ደግሞ እንደገና ለሁለት። «ይኸው፤ ይህ አንዱ የስንቱ ስንት ነው?» አልኳት። ጣውላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «አባባ፣ ይህ እኮ የዚያ ደንበኛህ ቁም ሣጥን በር ነበር» አለችኝ። ነበር። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልስም።

ይህን ስነግርሽ እየሳቅሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ያኔ ስቄአለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም።

ቀልዱ ሲያልቅብኝ የውጭውን በር ዘጋሁ። ኳስ የለም፣ ገመድ ዝላይ የለም፣ ጓደኛ የለም አልኳት። መሥሪያዬ ውስጥ፣ ኮላው ከሚሞቅበት ምድጃ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ መላጊያዬን ይዤ ቆሜ፣ እሷ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ እላታለሁ። ታነባለች። ማንበብ ከተባለ። አንዱን ቃል ትጀምርና ትተዋለች፣ ሌላውን ትጎትተዋለች፣ መሐል ላይ ትቆማለች፣ ወደ መስኮቱ ታያለች። የልጆቹ ጩኸት በመስኮት ይገባል። እኔ እጮኻለሁ። እሷ እንደገና ትጀምራለች።

እኔ ፊደል አላውቅም፤ ዓይን ግን አውቃለሁ። መጋዝ ያስያዝኩት ልጅ የእርሳሱን መስመር እየተከተለ ይሁን በሩን እያየ ይሁን ጀርባዬን ሰጥቼው እንኳ አይጠፋኝም። እና የልጅሽን ዓይን አየሁ። አፏ ሲንገዳገድ ዓይኗ አይንገዳገድም። ከዳር ተነሥቶ እስከ ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሌላውን ይይዛል፤ ውኃ ልክ መሣሪያዬ ውስጥ እንዳለች አረፋ ሳይወላገድ። አፏ ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደናቀፍ ዓይኗ ገጹን ጨርሶ እጇ ለመግለጥ ይነሣና ደንግጦ ይመለሳል። አየሁት፤ አልገባኝም። ድካም መስሎኝ ይብስ ጮኽኩባት። አንድ ቀንማ መጽሐፉን ነጥቄ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ክምር ላይ ወረወርኩት። ተነሥታ አነሣችው፣ አራገፈችው፣ ያንኑ ገጽ ገልጣ ያንኑ መንተባተብ ጀመረች። ከዚህ የባሰ ደደብነት የለም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ለአክስትሽ «በቃ፣ ይህች ልጅ ከእኔ ዓይነት ናት፤ እንጨት እንጂ ወረቀት አይሆንላትም» አልኳት። አክስትሽ በዚህ እንኳ አልተጣላችኝም።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ልስተካከል መጣሁ፤ እሷን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ይዣት መጣሁ። እዚህ ወንበር ላይ ነኝ፣ እሷ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ናት፣ በመስታወቱ አያታለሁ። ይህ ሰው ግድግዳው ላይ አዲስ ጽሑፍ ለጥፏል። ዓይኗ ወደዚያ ወጣ፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ማንም ምንም አላለም። ከእሷ ሌላ የነበርነው እኔና እሱ ነን፤ እኔ አገጬ ላይ ሳሙና ነበር። ምን ይላል ያ ጽሑፍ ብዬ ጠየቅሁት። «ፀጉር እንቆርጣለን፤ ወሬ አናቋርጥም» ይላል አለኝ።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ባይሆን እነሣ ነበር።

ሳሙናዬን ጠርጌ እጇን ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብተን በሩን ዘግቼ «የፀጉር ቤቱ ቀልድ ደስ ይላል አይደል?» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታታልዪኝ፣ ለምንስ ብለሽ ነው አልኳት። ትገርፈኛለህ ወይ አለች። አልገርፍሽም፣ እውነቱን ግን ካልነገርሽኝ ከዚህ ክፍል አንወጣም አልኳት። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ፍቅፋቂ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። ከዚያ «እማዬ ስትሄድ ያለችኝን ረሳኸው?» አለችኝ።

አልረሳሁትም። አንቺስ? ሻንጣሽ ደጅ ወጥቶ፣ እሷ ቀሚስሽን ይዛ አልለቅም ስትል፣ ተንበርክከሽ «አሁን እኮ ማንበብ ችለሻል፤ ትልቅ ልጅ ሆነሻል። እኔ ብሄድም አትቸገሪም» ብለሻት ነበር። እኔም አጠገብሽ ቆሜ ደህና ተናገረች ብያለሁ። ልጅ ለማባበል የሚባል ነገር ነው፣ ማንም ይለዋል። እሷ ግን እንደ ሚስማር መትታ አስቀመጠችው። «ማንበብ ስለቻልኩ ሄደች» ብላ።

አምና ደግሞ ሕፃኑን ስትወልጂ በስልክ መቼ ነው የምትመጪው አለችሽ። «በዕረፍቱ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፤ ግን ወንድምሽ ገና ምንም አያውቅም፣ ምንም የማያውቅ ልጅ ጥዬ እንዴት እመጣለሁ?» አልሻት። ይህንንም አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለቱን ደመረቻቸው። ሒሳብ አይገባትም ያላት ማን ነው? «ለሚያውቅ ሰው አትቀመጥም፤ ምንም ለማያውቅ ነው የምትቀመጠው። እኔም ሁሉንም ከረሳሁ ትመጣለች ብዬ ነው» አለችኝ።

አየሽ ልጄ፣ ሰነፍ አይደለችም። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ቀላል ነው፤ የሚያውቁትን ነገር ዓመት ሙሉ አላውቅም ብሎ መቀመጥ ግን የብረት አንጀት ይፈልጋል። የክፍሉ ልጆች ሲስቁባት፣ መምህሯ ስትቆጣት፣ እኔ መጽሐፍ ስወረውርባት ችላ የተቀመጠችው አንቺን ልታመጣ ነው። ስልክ እምቢ ከማለቷ በፊት አንቺ በየእሑዱ ደውለሽ «አጥንተሻል ወይ?» ስትያት፣ አላጠናሁም ስትልሽና አንቺ ስትጨነቂ፣ ልጅቷ ሥራዋ እየሠመረላት ነው ብላ ደስ ይላት ነበር።

እንግዲህ እኔ ምን ልበላት? አንቺ ብትሆኚ ታባብያት ይሆናል። እኔ ማባበል አላውቅም፤ ጠማማ ጣውላ ቀጥ ያለ ነው ብዬ ለማንም ሸጬ አላውቅም። «ስሚ ልጄ፤ ብታነቢም አትመጣም፣ ባታነቢም አትመጣም። ባል አላት፣ ሕፃን አላት፣ ሥራ አላት። ኑሮዋ እዚያ ሆኗል። ከእኔ ጋር ነሽ» አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብታለቅስ እጄን ትከሻዋ ላይ አደርግ ነበር። አላለቀሰችም። ፍቅፋቂውን ከጣቷ ፈትታ ጣለችው። «እሺ» አለች። ቀጥላም «ታዲያ ቀደም ብለህ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። መላጊያዬን አንሥቼ የተላገ ጣውላ እንደገና መላግ ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሳልጠራት መጽሐፉን ይዛ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። አንዲት ቦታ እንኳ አልተደናቀፈችም፤ ልክ እንደ ቧንቧ ውኃ ነው የወረደው። ድምጿ ግን የእሷ አይደለም፤ ዋጋ እንደሚጠራ ባለሱቅ ነው። ስትጨርስ ዘግታው «ይኸው። ሌላ አለ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንቺ ስልክ በቀር ሁሉንም እሺ ብላ ትሠራለች። ሒሳቡን ትሠራለች፣ ትጽፋለች፣ በር ክፍት ሆኖ ኳስ እየተመታ ትቀመጣለች። ፕሮፌሰሩን አስጠርቼ አሰማሁት። አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጋሼ፣ ይህች ልጅ ትወድቃለች ያለው ማነው? ክፍሉን ትበልጣለች» አለኝ። አክስትሽ ከደስታዋ የተረፈውን ከረሜላ ሁሉ አወጣችላት። አልበላችም፤ ለደጅ ልጆች አከፋፈለችው።

እንግዲህ ያልሽውን አደረግኩልሽ። አደራ እንዳትደግምብኝ ብለሽ ነበር፤ አትደግምም። ፈተናውን ታልፋለች። ደስ ይበልሽ ልልሽ ግን አንደበቴ እምቢ አለ።

መኝታዋ ላይ አቅፋው የምትተኛውን ያንቺን አሮጌ ሹራብ ታስታውሺዋለሽ? አክስትሽ ልታጥበው ስትል እንኳ ሽታው ይሄዳል ብላ ትጣላት ነበር። ትናንት በር ስቀባ ወደ መሥሪያዬ ይዛው መጣች። «አባባ፣ የቫርኒሽ ጨርቅ አልቆብኛል ስትል ሰምቼሃለሁ» አለችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣው ወጣች። አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም። ጨርቅ ስለቸገረኝ ጨርቅ አመጣችልኝ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣሁት፤ እዚያ አለ። በሩን ሳልቀባ ዋልኩ።

እኔ ብዙ ነገር ሲሰበር አይቻለሁ። እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ጀርባው የተሰነጠቀ አልጋ ያመጡልኛል፤ አይቼ ይጠገናል ወይም አይጠገንም እላለሁ። ይህን ግን አገላብጬ አየሁት፣ ከየት እንደሚያዝ አላገኘሁትም። እምቢ ስትለኝ፣ ስታታልለኝ፣ ስታናድደኝ በነበረ ይሻለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ቢያንስ የምትጠብቀው ነገር ነበራት። አሁን ቤቴ ውስጥ ጨዋ እንግዳ ነው ያለኝ። ስበላ ትበላለች፣ ተኚ ስላት ትተኛለች። ትመጫለሽ እያለች ዕረፍቱ ስንት ቀን ቀረው ብላ በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር፤ እሱንም ትታለች።

ምን ላድርግ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔ እንጃ። መምጣት ከቻልሽ ነይ። ካልቻልሽ ደግሞ በሚቀጥለው ዕረፍት፣ ሕፃኑ ሲጠና፣ ሥራው ሲቀል እያልሽ ቀን አትስጫት። አልችልም በያት፤ ግን ራስሽ በያት። ከእኔ አፍ መስማቷ ነው ከባዱ። በወረቀት ጻፊላት። ታነባለች፤ ማንም ሳይረዳት ታነባለች። ስለ ትምህርት አንዲት ቃል እንዳታስገቢበት። አጥኚ፣ በርቺ፣ አኩሪኝ የሚል ነገር ካለበት እኔው እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ፊደል ባላውቅም ይህን ጓደኛዬን አስነብቤ እጨምረዋለሁ። ትመልስልሻለች ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥሽም። እኔ ራሴ የለኝም።

ለሾፌሩ ባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ሌሊት ሲነዳ ዓይኑን ይግለጥ። ለሳቂታዋ ጓደኛሽ ሰላም በይልኝ፤ አንቺን ስለምታስቅልኝ አመሰግናታለሁ። ሕፃኑን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ እሱ ምን አጠፋ? አክስትሽ በዓይኔ ላይ ነሽ በላት ብላለች፤ ወገብሽንም በሞቀ ጨርቅ ያዢው ብላለች። ፕሮፌሰሩም አዲስ ጫማ ገዝቶ ሰላም ብሏል። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ሰላምታ በራሱ እጅ እየጻፈ ነው፤ ለማሳጠር ታግዬ አቅቶኛል።

ልጅሽ እዚህ ደጃፉ ላይ ቆማ እኔን ትጠብቃለች። ለእናትሽ እየጻፍን ነው፣ ምን ልበልልሽ ብዬ አሁን ጠራኋት። አሰበች፤ አስባለች፣ አይቻታለሁ። «ምንም» አለች። ፀጉር አስተካካዩ ጎንበስ ብሎ «ልጅ ናት እኮ፤ እኔ አንዲት ሰላም ልጨምርላት» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ያላለችውን አልልክልሽም።

አባትሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ በዕረፍቱ መጨረሻ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ